ስግደትና ሁዳዴ በደብረ ብርሃን

የ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። ከአንኮበር ደጋ እስከ ይፋት ቆላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ሲጾሙ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል፤ ጿሚ የሚታዘዘው ለማን ነው? እስከምንስ ድረስ? የምግቡን ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋልና አልዘረዝረውም። ጌታ በገዳም የተፈተነባቸውን ሦስቱን ፈተናዎችም መምህራን ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ብለው ያስተምራሉ። ሦስተኛው ሲሰበክ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ወደ ገንዘብ ያደላል። ፈታኙ በምላሹ የጠየቀው ግን ስግደት ነበር።

ስግደት ደግሞ በዚህ አገር ደም አፍስሷል። በ15ኛው መቶ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል ስለ መስገድም ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጋጩ፤ ንጉሡም በድንጋይ አስወገሯቸው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10፣ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ስሙም ደብረ ብርሃን ተባለ። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ሁዳዴ ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባም። ስለዚህ መጋቢት 10 ሁልጊዜ ከጾሙ ውስጥ ነው፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ቀን ምእመኑ ራሱን በሚመረምርበት ወቅት ይውላል።

መነኮሳቱን ትዕቢት ይዟቸው ነበር፣ መታዘዝ የምንኩስና መሠረት ነው የሚል ተቃውሞ አለ። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት መጠበቃቸው ነው የሚልም አለ። ሁለቱም በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። ነገር ግን በ1442 ዓ.ም. ገደማ በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ቅዳሜን በማክበራቸው ለብዙ ዘመን የተገፉትን ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስን የተቀበሉት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። አንድነት በመስማትም ሊመጣ እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለት ነው። የተወገሩትን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ድምፅ ዛሬ በአማርኛ የምናነበው በጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» መጽሐፍ ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወገን ይዘው የገቡበት፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተቋጨው ስለ ክርስቶስ የተነሣው የሦስት ልደት ክርክር ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚጠቅመን ቤተ መንግሥት በእምነት ላይ መፍረዱ ከደብረ ብርሃን ጋር እንዳላበቃ ስለሚያሳይ ብቻ ነው።

ጿሚ የሚታዘዘው ለማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የምፈልገው ከጾሙ ሰንበቶች ነው። በገብር ኄር ሰንበት የሚነበበው ምሳሌ ውስጥ የተቀጣው አገልጋይ አልሰረቀም፤ ጌታውን ፈርቶ የተሰጠውን መክሊት ቀበረና እንዳለ መለሰ። ከፍርሃት የመጣ ታዛዥነት አላዳነውም። ቀጣዩ ሰንበት የኒቆዲሞስ ነው፤ በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ የጠየቀ የአይሁድ አለቃ። ኒቆዲሞስ የጠየቀው ሊማር ነው እንጂ ሊያምፅ አይደለም ቢባል እውነት ነው። ሆኖም ይኸው ጠያቂ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ሕጉ ሰውን ሳይሰማ እንደማይፈርድ ለባልንጀሮቹ ለአለቆቹ አሳሰበ፤ በምዕራፍ 19 ደግሞ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ በሸሹበት ሰዓት ከርቤና እሬት ይዞ ጌታን ሊገንዝ መጣ።