«ወሰን»፣ «ድንበር» እና «ይዞታ» በመዝናኛ ካርታ ላይ

በአሜሪካ የሚዘጋጁ የእግር ተጓዦች ካርታዎች የሕዝብን መሬት በአንድ ቀለም፣ በውስጡ ታቅፎ የቀረውን የግለሰብ መሬት በሌላ ቀለም ይለያሉ። ልዩነቱ የባለቤትነት ነው። ይህንኑ ቃል በቃል «የሕዝብ መሬት» እና «የግል መሬት» ብሎ ወደ አማርኛ መመለስ ግን አያስኬድም። ምክንያቱን ቀጥለን እናስረዳለን።

፩. ይዞታ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቷል። ስለዚህ «የሕዝብ መሬት» የተባለው ቃል መሬትን ከመሬት አይለይም፤ «የግል መሬት» ደግሞ ሕግ የማያውቀውን ባለቤትነት ያውጃል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 የመንግሥት፣ የወል እና የግል ይዞታ ብሎ መለየቱ ለካርታም ተስማሚ ነው። «ይዞታ» ከ«ያዘ» እንደ «ችሎታ» የተበጀ ስለሆነ የሚያመለክተው መያዝን እንጂ ባለቤትነትን አይደለም።

፪. ወሰንና ድንበር። ሁለቱ ቃላት በብዙ መዝገበ ቃላት አንዱ በሌላው ይፈታሉ። ይሁን እንጂ «ወሰን» ከ«ውሳኔ» ጋር አንድ ሥር አለውና በሥልጣን የተቈረጠውን መስመር ያመለክታል። «ድንበር» በገበሬው አነጋገር በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚቀረው ሣር የበቀለበት ጠባብ መሬት ጭምር ነው። ከእነዋሪ ተነሥቶ በመረሬው የስንዴና የጤፍ ማሳ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ አፋፍ የሚሄድ መንገደኛ ድንበሩን ተከትሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ወሰን ግን የሚረገጥ ነገር አይደለም። በካርታው ላይ ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ እግረኛው ቡቃያ ይረግጣል።

፫. ክልል። ቀድሞ ለተከለለ ቦታ ሁሉ ይነገር ነበር። ዛሬ የፌዴሬሽኑ አባል መስተዳድር መጠሪያ ስለሆነ «የክልል ወሰን» የሚል ጽሑፍ አንባቢን ያሳስታል። በምትኩ «ጥብቅ ቦታ» እንመርጣለን።

በጥብቅ ቦታ መካከል ለሚገኝ የገበሬ መሬት «ውስጠ ደንብ» በተበጀበት መንገድ «ውስጠ ጥብቅ ይዞታ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። ነገሩ የቃል ብቻ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በውስጡ የሚኖሩና የሚያርሱ ሰዎች ነበሩበት፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ የተዛወሩት በ2008 ዓ.ም. ነው። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ሕዝቡ ግጦሹንና የጓሳ ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቅ ኖሯል። የመጀመሪያውን «ሰፋሪ»፣ ሁለተኛውን «ባዶ መሬት» የሚል ካርታ በአንድ ቃል መብትን ይሽራል። «ውስጠ ጥብቅ ይዞታ» እና «የወል ይዞታ» ግን ያለውን እንዳለ ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ተርጓሚው በካርታው መፍቻ ላይ አስቀድሞ «ይህን መሬት የያዘው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ስያሜውንም ከመልሱ ያውጣ እንላለን።