ፎርማት የማያድነው ኮምፒውተር

መርካቶ ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት በሚሠራባት ጠባብ ሱቅ አሮጌው ፔንቲየም 4 መንቀራፈፍ ሲጀምር የመጀመሪያው ፍርድ «ቫይረስ ነው» የሚል ነው። ቴክኒሻን ይጠራል፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ እንደ አዲስ ይጫናል፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ይመለሳል፤ ማሽኑም ይፈጥናል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን አንድ ማመልከቻ እስኪከፈት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ ማውሱም ስታክ ያደርጋል። «ቫይረሱ ተመለሰ» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ቫይረስ የለም፤ ኮምፒውተሩ ዲኤምኤ የሚባለውን አሠራር ትቷል።

ዲኤምኤ ሃርድ ዲስክ ፕሮሰሰሩን ሳያደክም መረጃውን በቀጥታ ወደ ራም የሚያስገባበት መንገድ ነው። የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ጆንያ አይሸከምም፤ «ይህን ያህል ጆንያ ከዚህ መጋዘን ወደዚያ» ብሎ ተሸካሚዎችን ያዝዝና ወደ ሂሳቡ ይመለሳል፤ ሲጨርሱ መጥተው ይነግሩታል። ፕሮሰሰሩም እንዲሁ ነው። ዲኤምኤ ሲቀር ግን ፒአይኦ በሚባለው የጥንት ዘዴ ሸክሙን ሁሉ ራሱ ያመላልሳል። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ በሚያገናኘው አይዲኢ ኬብል በአንድ ጊዜ የሚያልፈው 2 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ 2 ሜጋባይት የምትሆን አንዲት ፎቶ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታመላልሰዋለች። ማውሱ የሚቆመው ለዚህ ነው።

የዲኤምኤ ሐሳብ አሮጌ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ኢንቴል 8237 የተባለ ቺፕ ነበረው፤ ከአራቱ መስመሮቹ አንዱ ራሙ የያዘውን እንዳይረሳ በየ15 ማይክሮ ሰከንዱ ገደማ ያነቃው ነበር። ያ ቺፕ ከተበላሸ ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም። የፔንቲየም 4 ዘመን ብልሽት ግን ተንኮለኛ ነው፤ ማሽኑ ይሠራል፣ ግን ያዘግማል።

ምክንያቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ራሱ ነው። ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር የሚያጋጥሙትን ስሕተቶች ይቆጥራል፤ 6 ሲሞሉ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ያወርዳል፤ ስሕተቱ ካላቆመ ደረጃ በደረጃ እስከ ፒአይኦ ይወርዳል። ፎርማት ሲደረግ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። «ዳነ» ያሰኘው ይህ ነው። ስሕተቱን የሚፈጥረው ዕቃ ግን ከሳጥኑ አልወጣም።

ለማየት ዲቫይስ ማናጀር ተከፍቶ ፕራይመሪ አይዲኢ ቻናል ውስጥ አድቫንስድ ሴቲንግስ ይታያል። «ከረንት ትራንስፈር ሞድ» ፊት ለፊት «አልትራ ዲኤምኤ» ሳይሆን «ፒአይኦ» ከተጻፈ ነገሩ ተገኘ። ቻናሉን አንኢንስቶል አድርጎ ማሽኑን ማስነሳት ዲኤምኤን ይመልሳል፤ ፎርማት አያስፈልግም፣ የደንበኛ ደብዳቤም አይጠፋም። እዚህ ላይ ማቆም ግን ለእኔ ጥገና አይደለም።

ሳጥኑ ይከፈትና ኬብሉ ይታይ። በሰከንድ ከ33 ሜጋባይት በላይ ለማስተላለፍ ባለ 80 ሽቦ ኬብል ግድ ነው፤ ከ80ዎቹ 40ዎቹ ምንም መረጃ አይሸከሙም፣ ጎረቤት ሽቦዎች እንዳይረባበሹ መሐል የገቡ መከለያዎች ናቸው። ዓይን ይለየዋል፦ የባለ 40ው ሽቦ ወፍራም ነው፣ ጥፍር ሲሄድበት ይንገጫገጫል፤ የባለ 80ው ደቃቅ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ሰማያዊ ሶኬትም ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል። ርዝመቱ ከ46 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የታጠፈ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሶኬቱ የላላ ከሆነ ይቀየር። ምናለሽ ተራን ከመሰለ የአሮጌ ዕቃ ሰፈር ኬብል የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሽቦውን በጥፍሩ ይሞክር። ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ ደግሞ ኬብል ብቻውን አያድንም።

ማሽኑ ሲያዘግም ብዙ ባለሙያ «ራሙን በሜምቴስት ፈተሽኩት፣ ደህና ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ሜምቴስት ራሙን የሚፈትሸው በፕሮሰሰሩ በኩል ነው፤ ከዲስኩ ወደ ራም የሚወስደውን የዲኤምኤ መንገድ አይነካውም። ያንን ለመፈተሽ አንድ ትልቅ ፋይል ከቦታ ወደ ቦታ ገልብጦ ግልባጩን ከዋናው ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ኬብሉ ተቀይሮም ማሽኑ እንደገና ወደ ፒአይኦ ከወረደ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ይዞራል። ያኔ ከማንኛውም ሙከራ በፊት የባለቤቱ ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ፤ በፒአይኦ ሰዓታት ቢፈጅም ዲስኩ እስከተነበበ ድረስ ይሆናል።