አቀንጭራን የሚያጠፋ ፈንገስ

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባው ለዓይን ያምራል፤ ከመሬት በታች ግን የበቆሎንና የማሽላን ሥር ተጣብቆ ውሃቸውንና ምግባቸውን ይመጣል። ገበሬው ከአፈር ብቅ ብሎ ሲያየው ሰብሉ ቀድሞ ተጎድቷል፤ ስለዚህ ነቅሎ መጣል ብቻውን አያድነውም። አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

በምዕራብ ኬንያ የተሞከረው ዘዴ ይህን ጠላት እዚያው ከመሬት በታች ይገጥመዋል። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ከተባለው ፈንገስ ዝርያዎች አንዱ በቆሎውን ሳይነካ አቀንጭራን ያጠቃል። ይህ ፈንገስ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ላይ እንዲያድግ ተደርጎ ወደ መንደር ይላካል፤ በዚያም በተቀቀለ ሩዝ ላይ ይራባል። ገበሬው በቆሎ ሲዘራ ከሩዙ ጥቂት ቆንጥሮ ከዘሩ ጋር ይቀብራል። አቀንጭራው ሲበቅል ፈንገሱ ቀድሞ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ500 ገበሬዎች ማሳ ላይ በተደረገው ሙከራ የበቆሎው ምርት ከ40 በመቶ በላይ ጨምሯል።

ይሁን እንጂ ፈንገስ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ የዚሁ ፈንገስ ሌሎች ዝርያዎች ሙዝንና ቲማቲምን ያጠወልጋሉ። ስለዚህ ማሳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የትኛው ዝርያ ማንን እንደሚያጠቃ በጥንቃቄ መፈተሽ አለበት።