የሕመምተኛ እንቅስቃሴና የኤምአርአይ ምስል እርማት



ከየካ ሆነን ወደ እንጦጦ ቀና ስንል፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እናስታውሳለን። በዚያ መስተዋታቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። ደብዛዛ ኮከብ ለመቅረጽ ብርሃኑን ለደቂቃዎች ማጠራቀም ያስፈልጋል። መሬት ግን ትሽከረከራለች፤ ሰማዩም በየ4 ደቂቃው 1 ዲግሪ ያህል የሚያልፍ ይመስላል። ቴሌስኮፑ ባለበት ቢቆም ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ሆኖ ይቀረጻል። ስለዚህ ሞተር ሰማዩን እያስከተለ ያዞረዋል። ይህን ማድረግ የተቻለው የመሬት እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው።

የኤምአርአይ ምርመራም ደቂቃዎችን የሚወስድ ቀረጻ ነው። ሕመምተኛው ግን መቼና ወዴት እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሕፃን ይገላበጣል፤ ሕመም የጸናበት ይቁነጠነጣል፤ ሁላችንም እንተነፍሳለን።

መሣሪያው በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን የሚመነጨውን የሬዲዮ ምልክት መስመር በመስመር ይሰበስባል። ምልክቱ ኬ-ስፔስ በሚባል የድግግሞሽ ሰንጠረዥ ውስጥ ተቀምጦ በፉሪየር ስሌት ወደ ምስል ይለወጣል። እያንዳንዱ መስመር ስለ መላው ምስል መረጃ ስለሚይዝ፣ የጥቂት ሚሊሜትር ንቅናቄ የሚያስከትለው ጉዳት በአንድ ሥፍራ አይወሰንም፤ ምስሉን ያደበዝዛል፣ ወይም የአካሉን ቅርጽ እንደ ጥላ ይደጋግማል። ጥላው ሕመም መስሎ ሊያሳስት፣ እውነተኛውንም ሕመም ሊሸፍን ይችላል።

እርማቱ ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው በቀረጻው ጊዜ መከተል ነው፦ ካሜራ ወይም ናቪጌተር የሚባል አጭር ምልክት የጭንቅላቱን አቀማመጥ ይለካል፤ መሣሪያውም የቀረጻውን አቅጣጫ ወዲያው ያስተካክላል። ሁለተኛው ከቀረጻ በኋላ በስሌት ማረም ነው። አካሉ ወደ ጎን ሲንሸራተት በኬ-ስፔስ ውስጥ የፌዝ ለውጥ ይፈጠራል፤ ሲዞር ሰንጠረዡም አብሮ ይዞራል። ንቅናቄው ከታወቀ ሁለቱንም መቀልበስ ይቻላል። ጄምስ ፓይፕ በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ፕሮፔለር የተባለው ዘዴ የሰንጠረዡን መሃል በተለያየ አቅጣጫ የሚያቋርጡ ክንፎችን ይቀርጻል። ሁሉም ክንፎች የሚጋሩት መሃል እርስ በርስ ሲነጻጸር፣ ንቅናቄው ከራሱ ከመረጃው ይገኛል።

ሆኖም አንድ ወሰን አለ። ጭንቅላት ሲዞር ከሰንጠረዡ ሳይለካ የሚቀር ክፍል ይኖራል፤ ያልተለካውን ስሌት አይመልሰውም። ክፍተቱን በግምት የሚሞላ ፕሮግራም ያማረ ምስል ሊሰጠን ይችላል፤ ያማረ ሁሉ ግን እውነት አይደለም። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን የታረመውን ምስል ብቻ ሳይሆን የተለካውን የንቅናቄ መጠንም ለሐኪሙ አሳዩ የምላቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው እርማት ብዙ ወጪ የለውም፦ ጭንቅላቱን በስፖንጅ መደገፍ፣ ጩኸቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ሕመምተኛው በሚሰማው ቋንቋ መንገር፣ ትንፋሽ መያዝን አስቀድሞ ማለማመድ። መሣሪያው ጥቂት በሆነበት አገር የሚደገም ቀረጻ የሌላውን ወረፋ ይወስዳል፤ ከገጠር የመጣውን ሌላ አዳር ያስከፍለዋል፤ ለሕፃኑም ማደንዘዣ ማለት ሊሆን ይችላል።