ቴሌስኮፕ ኮከብ መከተል ሲያቅተው፦ ከቦሌ ቡልቡላ ሰገነት የሚታይ ችግርና መፍትሔው

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የሩቅ ከዋክብትንና የጋዝ ደመናዎችን ፎቶግራፍ ማንሳት ለሚሹ ሰዎች የሥራ ወቅት ይጀምራል። ወቅቱ ግን የሚመስለውን ያህል ረጅም አይደለም። በወር ውስጥ ከጨረቃ ብርሃን ነጻ የሚሆኑት ሌሊቶች ከ10 ብዙም አይበልጡም፤ ከእነርሱም ላይ ደመናና ነፋስ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። በውድ ዋጋ ከውጭ የመጣ መሣሪያ በሰገነት ላይ ተተክሎ፣ ሰማዩም ጠርቶ ሳለ ግማሹን ሌሊት የሚያባክነው ብዙ ጊዜ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የሚወጣ አንድ መልእክት ነው፦ ካሊብሬሽን አልተሳካም።

ነገሩን ከመሠረቱ መረዳት ይጠቅማል። ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ዙር ለመዞር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ይፈጅባታል። በዚህም የተነሳ ከዋክብት በእያንዳንዱ ሰከንድ 15 አርክሰከንድ ያህል ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ይመስላሉ፤ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3 ሺህ 600ኛ ክፍል ነው። ቴሌስኮፑን የሚሸከመው ማውንት ይህን ጉዞ በሞተር ይከተላል። ነገር ግን ጥርሶቹ ፍጹም አይደሉም፤ ለ5 ደቂቃ የተከፈተ ካሜራ ደግሞ ጥቂት አርክሰከንድ ስሕተት እንኳ ኮከቡን ነጥብ መሆኑን አስትቶ ሰረዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ አንድ ኮከብ ላይ ዓይኗን ተክላ ትቆያለች፤ ኮከቡ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ለማውንቱ ጥቃቅን የእርማት ትእዛዝ ይላካል። ገበሬ እርፉን ይዞ በሬዎቹ ከትልሙ ወጣ ሲሉ ቀስ አድርጎ እንደሚመልሳቸው ማለት ነው። ይህ ሥራ ኦቶጋይዲንግ ይባላል።

እርማት ለመስጠት ግን ፕሮግራሙ አስቀድሞ መማር አለበት። ማውንቱን ወደ ምዕራብ ሲያዘው ኮከቡ በካሜራዋ ምስል ላይ በየት አቅጣጫና ምን ያህል ይሄዳል? ወደ ሰሜን ሲያዘውስ? ይህ ትምህርት ነው ካሊብሬሽን የሚባለው። በነጻ የሚገኘውና በአማተሮች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ፒኤችዲ2 የተባለው ፕሮግራም ኮከቡን በተከታታይ ትእዛዞች ወደ ምዕራብ ወስዶ ይመልሰዋል፤ ቀጥሎም በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ይህንኑ ይደግማል።

አሁን ወደ ቦሌ ቡልቡላ እንምጣ። በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ መመሪያዎች በአብዛኛው የሚጀምሩት የሰሜን ኮከብን በማየት ነው፤ በዚያ ሀገር የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ማውንቱን ወደ ሰማይ ዋልታ ማቅናት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። የሰሜን ኮከብም ከአድማሱ ከፍ የሚለው ያንኑ ያህል ብቻ ነው። ከቡልቡላ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያውን መብራት፣ ከዚያ የከተማዋን ብርሃን፣ ከዚያም የእንጦጦን ተራራ ያገኛል። ኮከቧ ከተራራው በላይ ናት፤ ነገር ግን 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ከ90 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ በስተሰሜን ከቆመ ከመሬት ለሚያይ ሰው ሙሉ በሙሉ ይሸፍናታል። ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ ሁኔታው ትንሽ ይሻላል፤ ዋልታው በባሕር ዳር ከ11 ዲግሪ፣ በጎንደር ከ12 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል።

ብዙ ማውንቶች ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች ዝቅ እንዲሉ ታስበው አልተሠሩም። በግድ ሲዘቀዘቁ የሚዛን ክብደቱን የሚይዘው ዘንግ ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የማውንቱን ዝቅተኛ የኬክሮስ ልክ መጠየቅ ግድ ነው፤ ሻጩ ይህን ካላወቀ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይበጃል። የተገዛውንም ቢሆን ዘንጉ በሁለቱ እግሮች መካከል እንዲወርድ መቆሚያውን አዙሮ መትከል ብዙ ጊዜ ይረዳል።

የሰሜን ኮከብ ካልታየች በድሪፍት ዘዴ መሥራት ይቻላል። በሰማይ ወገብ አቅራቢያ፣ በስተደቡብና በስተሰሜን መካከል በሚያልፈው መስመር ላይ ያለ ኮከብ ተመርጦ እርማት ሳይሰጠው ለጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል። ኮከቡ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሸሸ ማውንቱ በግራ ወይም በቀኝ ተዛንፏል ማለት ነው። ከዚያም በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ዝቅ ያለ ኮከብ ተመርጦ የከፍታው ዝንፈት በተመሳሳይ መንገድ ይታረማል። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ዋልታውን ማየት አይጠይቅም።

የሀገራችን አቀማመጥ የሚነሳ ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም ነው። ካሊብሬሽን የሚሠምረው ከሰማይ ወገብ በ20 ዲግሪ ክልል ውስጥ ባለ ኮከብ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የሰማይ ወገብ ከአናታችን ወደ ደቡብ 9 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብሎ ያልፋል። በዚያ ከፍታ የኮከብ ብርሃን የሚያቋርጠው አየር ትንሽ ስለሆነ ምስሉ ይረጋል። የኦሪዮን መቀነት በመባል የሚታወቁት 3 ከዋክብት በዚሁ መስመር ላይ ናቸው፤ በታህሳስ ወር በእኩለ ሌሊት አካባቢ፣ በጥር መጨረሻ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአናት በላይ ይደርሳሉ። በአንጻሩ ጀማሪዎች ያወቋትን ብቸኛ ኮከብ፣ ማለትም የሰሜን ኮከብን፣ ለካሊብሬሽን ሲመርጡ ይታያል። ይህ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ በዋልታው አጠገብ ያለ ኮከብ ማውንቱ ወደ ምዕራብ ሲዞር ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል።

«ኮከቡ በበቂ ሁኔታ አልተንቀሳቀሰም» የሚለው መልእክት ሲመጣ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ገመዱ ነው። ቀጥሎ በፕሮግራሙ ውስጥ የተሞላው ቁጥር። 120 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ያላት መሪ ቴሌስኮፕ 3.75 ማይክሮሜትር ፒክስል ካለው ካሜራ ጋር ስትሠራ እያንዳንዱ ፒክስል 6.4 አርክሰከንድ ያህል ሰማይ ይሸፍናል። ማውንቱ በከዋክብት ፍጥነት ግማሽ ሲታረም በሰከንድ 7.5 አርክሰከንድ ይሄዳል። ኮከቡን 25 ፒክስል ለመውሰድ እንግዲህ በድምሩ 21 ሰከንድ ገደማ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ በ12 እርምጃ ሲከፈል እያንዳንዱ 1.8 ሰከንድ ይሆናል። በ120 ፈንታ የዋናው ቴሌስኮፕ 600 ሚሊሜትር ከተሞላ ፕሮግራሙ እርምጃውን በ5 እጥፍ ያሳጥረዋል፤ ኮከቡም ባለበት የቆመ ይመስላል።

ሌላው አታላይ ነገር በካሜራዋ ላይ ያለ የተበላሸ ፒክስል ነው። እንደ ኮከብ ያበራል፤ ማውንቱ ቢዞርም አይንቀሳቀስም። የካሜራዋን ክዳን ዘግቶ ጥቁር ምስሎችን አንስቶ ለፕሮግራሙ ማስተማር ይህን ያስቀራል። «ኮከቡ ጠፋ» የሚለው መልእክት ደግሞ ከስስ ደመና፣ ከነፋስ፣ ከደበዘዘ ትኩረት ወይም ከመጠን በላይ ከረዘመ እርምጃ ይመጣል።

ምዕራብና ምሥራቅ ተሳክቶ ሰሜን ላይ ከተሰናከለ ጥፋቱ በአብዛኛው በጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ክፍተቱን እስኪሞላ ድረስ ቴሌስኮፑ አይንቀሳቀስም፤ የላላ ቀንበር በሬው ቢራመድም ሞፈሩን ወዲያው እንደማይስበው ሁሉ። ብሎኑን አጥብቆ መገላገል የሚያጓጓ ቢሆንም ከልክ በላይ የጠበቀ ጥርስ ይነክሳል፤ እርሱም ከክፍተቱ የባሰ ነው። የሚሻለው ካሊብሬሽን ከመጀመሩ በፊት ቴሌስኮፑን በእጅ መቆጣጠሪያው ወደ ሰሜን ጥቂት መንዳት ነው። ክፍተቱ ካልተሸነፈ ኮከቡ የሚሸሽበትን አቅጣጫ ለይቶ በዚያ ዘንግ ላይ እርማትን ከአንድ ወገን ብቻ መፍቀድ ይቻላል።

ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱ መስመሮች እርስ በርሳቸው ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን መሥራት አለባቸው። ከ10 ዲግሪ በላይ ከተዛነፈ ደግሞ መሥራት ያስፈልጋል። ነፋስ፣ ሰው ሲራመድበት የሚንቀጠቀጥ ሰገነትና የቀን ሙቀቱን ገና ያልተነፈሰ የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን ያበላሻሉ። የደከመ ባትሪም እንዲሁ፤ 12 ቮልት የሚሻ ሞተር ኃይሉ ሲወርድ እርምጃ ይዘላል። መብራት ሲጠፋ ግን የሰፈሩ ሰማይ በከዋክብት ይሞላልና፣ የተሞላ ባትሪ ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ይጠቀማል።

ጨለማ ራሱ ሀብት መሆኑን ባለሙያዎችም ያውቁታል። በ3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው የእንጦጦ መመልከቻ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወት የተገጠመላቸው 2 ቴሌስኮፖች አሉት፤ የከተማዋ ብርሃን ግን ከሥሩ ነው። በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ለሌላ ጣቢያ የተጠኑትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ቅርጽ የነበረውን የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ብዙዎች ያቀኑት ወደዚያው ነበር። የገጠር ነዋሪ ደጁ ላይ ያለውን ጨለማ የቡልቡላ ፎቶ አንሺ ተሽከርካሪ ተከራይቶ ይፈልገዋል።

ወደዚያ ለሚጓዝ ሰው አንድ ነገር ይቀራል። ካሜራዋ ከተነቀለች ወይም ከዞረች የትናንቱ ካሊብሬሽን አይሠራም፤ አዲስ መሥራት ግድ ነው። ኮከቡ የሰማዩን መካከለኛ መስመር አልፎ ቴሌስኮፑ ወደ ሌላው ጎን ሲገለበጥም የእርማቱ አቅጣጫ ይለወጣል። ማውንቱ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘ ፕሮግራሙ ይህን በራሱ ያስተካክላል፤ የተገናኘው በመሪ ካሜራዋ ገመድ ብቻ ከሆነ ግን የመገልበጡን ትእዛዝ ባለቤቱ ራሱ መስጠት አለበት።