ስፌቱ ወጣ፣ ጠባሳው ግን ገና ሥራ ላይ ነው

«ትኩስ እያለ ካልተስተካከለ ይደርቅና እምቢ ይላል።» የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና አድርጋ በውጤቱ ያልተደሰተች ሴት ይህን ምክር ሳትሰማ አትቀርም። ጓደኛ ይነግራታል፣ የቲክቶክ «አማካሪ» ይነግራታል፣ የኢስታንቡል ደርሶ መልስ ከነሆቴሉ የሚያሻሽጥ ደላላም ይነግራታል። ስፌቱ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛ ሐኪም ፍለጋ የሚያስነሳትም ይኸው ነው። ነገሩ ስለ ሊጥ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ስለ ሸክላም ቢሆን እሺ። ስለ ሰው ሥጋ ሲሆን ግን የተገለበጠ ምክር ነው። ትኩስ ቁስል እጅ የሚታዘዝ ጭቃ ሳይሆን የራሱ ሠራተኞች የሚርመሰመሱበት የግንባታ ቦታ ነው።

መሠረታዊውን ቶሎ እንለፈው። ለመልክ ሲባል አፍንጫ መቅረጽ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ጆን ሮ እ.ኤ.አ. በ1887፣ የበርሊኑ ዣክ ዮዜፍ ደግሞ በ1898 ሥራቸውን ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቅርበዋል። ዘዴው ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢራቀቅም አፍንጫ ዛሬም ድጋሚ መከፈት ከሚበዛባቸው የውበት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው መጠን ከመቶ ታካሚዎች ከ5 እስከ 15 ነው። መርፌ ሌላ ጉዳይ ነው። ቦቶክስ በሦስት በአራት ወር በራሱ ይለቃል፤ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ፊለርም ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ይሟሟል። እዚህ የሚነሳው ቢላ የነካው ሥጋ ነው።

ስሙም ያደናግራል። «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል ሰውነት ውስጥ ፕላስቲክ የሚከተት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቃሉ ግን መቅረጽ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ የፕላስቲክ ዕቃ ገበያ ሳይወጣ በፊትም ነበረ። ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ደግሞ «ክለሳ» የሚሉት አሉ። ክለሳ ለመጽሐፍ ጥሩ ቃል ነው፤ ደራሲ የሰረዘው ዓረፍተ ነገር ሁለተኛው እትም ላይ ጠባሳ ሆኖ አይቀርም። «ድጋሚ ቀዶ ሕክምና» ማለቱ ቢያንስ አይሸነግልም።

አሁን ወደ ጠባሳው። ቆዳ ሲቀደድ ደም ይረጋል፣ ከዚያም ማበጥና መቅላት ይከተላል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ከዳር ከዳር እየተሳቡ ክፍተቱ ውስጥ ይገቡና ኮላጅን የተባለውን የፕሮቲን ቃጫ መሥራት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበዛው «ሦስተኛው ዓይነት» የሚባለው ቀጭኑ ቃጫ ነው። በጥድፊያ የተጣለ፣ ዝብርቅርቁ የወጣ ነው፤ የጭቃ ቤት የመጀመሪያ ምርጊት በሉት። ክፍተት ይደፍናል እንጂ ለዓይን አይሆንም። በቀጣዮቹ ወራት ያው ቃጫ ቀስ በቀስ እየፈረሰ በጠንካራው «አንደኛው ዓይነት» ይተካል፣ አቅጣጫም ይይዛል። የጭቃ ቤት ያሠራ ሰው ይህን አይስተውም፦ ምርጊቱ ሳይደርቅ ልስን ከተደረበበት ሁለቱም አብረው ይሰነጠቃሉ።

ጥንካሬውም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቁስል በአንድ ሳምንቱ ካልተነካ ቆዳ ጥንካሬ 3 በመቶ ያህል ብቻ አለው። በሦስት ሳምንቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ በሦስት ወሩ 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ እዚያው ላይ ይቆማል እንጂ ወደ መቶ አይመለስም። ደላላው «ትኩስ» ያለው ሦስተኛው ሳምንት እንግዲህ ሥጋው ሩቡን ያህል ብቻ የጠነከረበት ጊዜ ነው።

ከጥንካሬው ይልቅ ግን የሚገርመው መጎተቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አልበርት ሃሪስና ሁለት ባልደረቦቹ ፋይብሮብላስቶችን እጅግ ስስ በሆነ የሲሊኮን ሽፋን ላይ አስቀምጠው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ሽፋኑ በየሕዋሱ ሥር ተጨማዶ ተገኘ፤ ነጠላ በጣት ሲሰበሰብ እንደሚጨማደደው። ዓይን የማያየው አንድ ሕዋስ የቆመበትን መሬት ወደ ራሱ ይስባል ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 ጁሊዮ ጋቢያኒና ባልደረቦቹ በሚድን ቁስል ውስጥ ግማሹ ፋይብሮብላስት፣ ግማሹ ጡንቻ የሚመስል ሕዋስ እንዳለ አሳይተው ነበር። ማዮፋይብሮብላስት ይባላል፤ ስሙ ለአማርኛ ምላስ አይመችም፣ ሥራው ግን ግልጽ ነው፤ ቃጫውን ጨብጦ ይጎትታል። ሰፊ ቁስል ከዳርና ከዳር የሚጠበው በእሱ ጉልበት ነው። አስቸጋሪው ነገር ውጥረት ራሱ ተጨማሪ ማዮፋይብሮብላስት መውለዱ ነው። የተወጠረ ቁስል ጎታች ያበዛል፣ ጎታች ሲበዛ ውጥረቱ ይብሳል።

ይህን ወደ አፍንጫ እናምጣው። ሐኪሙ አጥንቱንና ቅርጭጭቱን ቀንሶ ቆዳውን መልሶ አልብሶታል። ቆዳውና አዲሱ ማገር መካከል ያለውን ክፍተት ጠባሳ ይሞላዋል፣ ከሞላው በኋላም ይሰበሰባል። ከጫፉ ከፍ ብሎ በብዛት ከተጠራቀመ አፍንጫው ከጎን ሲታይ የበቀቀን መንቆር ይመስላል፤ ሐኪሞቹም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ማገሩ ከሚገባው በላይ ሳስቶ ከሆነ ደግሞ ጠባሳው የአፍንጫ ቀዳዳውን ጠርዝ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ወይም ጎኑን ወደ ውስጥ አጎድጉዶ አየር ያሳጣል። እብጠቱ መጨረሻ የሚለቀው ጫፉን ነው፤ ቆዳው ወፍራም ከሆነ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስታ መስታወት ፊት የምትቆም ሴት አፍንጫዋ ከማታው ወፍሮ ብታየው ዓይኗ አላታለላትም፤ ተኝታ ያደረችበት ፈሳሽ ነው። በሦስተኛው ወር የጠላችው አፍንጫና በአሥራ አራተኛው ወር የምታየው አፍንጫ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

በሦስተኛው ሳምንት የሚከፍት ሐኪም ምን ያገኛል? ቆዳና ቅርጭጭት የሚለያዩበት ስስ ንጣፍ ጠፍቷል። ቦታው ገና በበቀሉ፣ ሲነኩ በሚደሙ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተሞልቷል። የሚያየው ቅርጽ ግማሹ እብጠት ስለሆነ ትክክለኛውን መጠን ሊለካ አይችልም፤ ውሃ በጠጣ ጣውላ በር እንደ መሥራት ነው። በዚያ ላይ አዲሱ ቁስል እነዚያኑ ጎታቾች እንደ አዲስ ይጠራቸዋል።

ጠባሳ አንዴ «ከደረቀ» በቃ የሞተ ነገር ነው የሚለውም ሐሰት ነው። ለዚህ ከአንድ የባሕር ጉዞ የተሻለ ምስክር የለም። እንግሊዛዊው ጆርጅ አንሰን በ1740 ዓለምን ለመዞር ሲነሳ ከመርከበኞቹ መካከል ከሃምሳ ዓመት በፊት በአየርላንድ በቦይን ጦርነት የቆሰለ አንድ ሽማግሌ ነበረ። ቁስሉ ድኖ ዕድሜ አስቆጥሯል። በጉዞው መካከል ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው ስከርቪ ሲይዘው ግን ያ የግማሽ ምዕተ ዓመት ጠባሳ እንደ ገና ተከፈተ። ምክንያቱ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፦ ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ በደንብ አይሠራም፣ ጠባሳም ዕድሜውን ሙሉ እየፈረሰ የሚጠገን ሥጋ ነው። ጥገናው ሲቆም የሚቀጥለው መፍረሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አንድ ዓመት ጠብቁ» የሚለው ደንብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዋናነት የቆመው በሐኪሞች የዘመናት ልምድ ላይ ነው። ትንሽ ጉድለትን ከስድስት ወር በኋላ የሚነኩ አሉ፤ ቆዳው ወፍራም ለሆነ ከዓመትም በላይ የሚያስጠብቁ አሉ። ከመንቆሩ ሥር የተጠራቀመውን ጠባሳ በወራት ውስጥ በስቴሮይድ መርፌ የሚያለሰልሱም አሉ፤ ይህም ከበዛ ቆዳ ያሳሳል። ደግሞ ፈጽሞ መጠበቅ የሌለባቸው ነገሮች አሉ፦ በአፍንጫ መሃል ግድግዳ ላይ የተቋጠረ ደም፣ መግል የቋጠረ ቁስል፣ ፊለር ከተወጋ በኋላ የገረጣ ወይም የጠቆረ ቆዳ። እነዚህ የቀናት፣ አንዳንዴም የሰዓታት ጉዳይ ናቸው። ቅርጭጭት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ደም ከተቋጠረበት ከመጋቢው ሽፋን ተነጥሎ ይሞታል፣ አፍንጫውም ይሰምጣል። መጠበቅ ለቅርጽ ነው እንጂ ለአደጋ አይደለም።

ለእኛ ሌላ ጥንቃቄም አለ። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድገው ጠባሳ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ጆሮዋን ተበስታ ጉብታ ያበቀለች እህት ወይም አክስት ያላት ሴት ለሐኪሟ ይህንኑ መናገር አለባት። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መተው ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል፤ ከበፊቱ ገዝፎ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ቀዶው ከስቴሮይድ መርፌ ወይም ከጨረር ጋር ይጣመራል።

ጡት ላይ የሚቀመጥ ሲሊኮንም ከዚሁ ሕግ አያመልጥም። ሰውነት ማንኛውንም ባዕድ ነገር በጠባሳ ከረጢት ይጠቀልለዋል። ከረጢቱ ዝም ካለ ደህና፤ ከተሰበሰበ ጡቱ ይደድራል፣ ያማል፣ ድጋሚ ይከፈታል። ከዚህ የተለየው ጥፋቱ ከሥጋው ሳይሆን ከፋብሪካው የሆነበት ጊዜ ነው። ፒ.አይ.ፒ. የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላ መክረሙ በ2010 ተደረሰበት፤ በ2011 መጨረሻ የፈረንሳይ መንግሥት 30,000 ያህል ሴቶች እንዲያስወጡት መከረ። የኩባንያው መሥራች በ2013 አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ደህና ሐኪም ድጋሚ ለመቁረጥ ከመስማማቱ በፊት የሚያደርገው ነገር ለተመልካች ተራ ነው። የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ማስታወሻና ከዚያ በፊት የተነሳችውን ፎቶ ይጠይቃል። የቀረውን የመሃል ግድግዳ ቅርጭጭት ጫፉ ጥጥ በሆነ ስንጥር እየነካካ ይፈትሻል፤ ጠንካራው የት እንደሚያበቃ፣ ባዶው የት እንደሚጀምር ይለያል። ጉንጯን በጣቱ ወደ ጎን ስቦ «አሁን ተንፍሺ፣ ይሻላል?» ይላታል። አንዳንዴም ስለ አፍንጫው ሳይሆን በቀን ስንት ሰዓት መስታወት ፊት እንደምትቆም ይጠይቃታል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ሞርሴሊ በ1891 ስም የሰጠው፣ ሌላ ሰው የማያየውን ጉድለት የማየት ሕመም በቢላ አይድንም፤ ሦስተኛና አራተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያስጠይቁት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

የመሃል ግድግዳው ካለቀ ማገሩን መልሶ ለማቆም የሚያስፈልገው ቅርጭጭት ከጆሮ ወይም ከጎድን አጥንት ይወሰዳል። የጎድኑ ብዙ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ግን ይጣመማል። ጊብሰንና ዴቪስ በ1958 እንዳሳዩት ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከተላገ ወደ ሌላው ወገን ይቆለመማል። ስለዚህ ሐኪሙ ከሁለቱም ወገን እኩል ይልገውና በጨው ውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ ያኖረዋል። ታካሚዋ በማደንዘዣ ተኝታ፣ አፍንጫዋ ተከፍቶ፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑ ያ ቁራጭ ወዴት እንደሚጣመም ሳህኑን እያየ ይጠብቃል።