ምርመራው «እርግዝና የለም» ቢልም

ከእምብርት በታች የሚመላለስ ሕመም ለሳምንታት የያዛት፣ የወር አበባዋ የተዛባባት፣ በየመሃሉም ጠብ ጠብ የሚል ደም የምታይ ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዝላት የሽንት ምርመራ ነው። ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ሲመጣ የእርግዝና ነገር ይዘጋና የማህፀን ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ይጻፍላታል። በአመዛኙ ግምቱ ልክ ነው፤ መድኃኒቱን ጨርሳ ትድናለች። ያልዳነችዋ ግን አንዱ መድኃኒት በሌላው እየተተካላት ወር ሁለት ወር ይነጉዳል። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሴቶች ጥቂቶቹ የተሸከሙት ሥር የሰደደ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ነው። በእኔ እምነት ይህ ሕመም ከሐኪም ዓይን የሚሰወረው መሣሪያ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ አንዲት የሽንት ውጤት ከአቅሟ በላይ ስለምትታመንም ነው።

ከ100 እርግዝናዎች 1 ወይም 2 የሚሆኑት ከማህፀን ውጪ ያርፋሉ፤ ከእነዚህም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ድንገተኛውን መልክ ነው፤ ቱቦው ይፈነዳል፣ ሆድ በደም ይሞላል፣ ሴትዮዋ ራሷን ስታ በጥድፊያ ወደ ቀዶ ሕክምና ትወሰዳለች። ሥር የሰደደው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቱቦው በአንዴ ሳይቀደድ ደሙን በጥቂት በጥቂቱ ያፈስሳል፤ የፈሰሰው ይረጋል፤ ሞራው፣ አንጀቱና የእንቁላል ማምረቻው ዙሪያውን ተጣብቀው ይሸፍኑታል። ከጊዜ በኋላ ከረጋ ደም፣ ከሞተ የፅንስ ቅሪትና ከጠባሳ የተሠራ እብጠት ይሆናል። ኤችሲጂ የሚባለውን የእርግዝና ሆርሞን የሚያመነጩት እንግዴ ልጅን የሚሠሩት ሴሎች ናቸውና፣ እነሱ ሲሞቱ ሆርሞኑም አብሮ ይወርዳል። የተለመደው የሽንት መመርመሪያ ሆርሞኑን የሚያገኘው በሊትር 25 ዩኒት ገደማ ሲደርስ ነው፤ የደም ምርመራ ግን እስከ 5 ዩኒት ድረስ ይለያል። በደሟ 12 ዩኒት ያላት ሴት እንግዲህ በሽንት «የለም»፣ በደም «አለ» ልትባል ትችላለች። ሴሎቹ ሙሉ በሙሉ ከሞቱ ደግሞ የደም ምርመራውም ዝም ይላል፤ እብጠቱ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

«ይህ እኮ ብርቅ በሽታ ነው፤ ሆዷን ያመማትን ሁሉ ለደም ምርመራና ለአልትራሳውንድ መላክ አቅም ይጠይቃል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ ሁሉም ትላክ የሚልም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለታችኛው ሆድ ሕመም ያወጣው የአሠራር መመሪያ ራሱ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የወር አበባ መቅረቱን፣ ያልተለመደ ደም መፍሰሱን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወሊድ ወይም ውርጃ መኖሩን መጠየቅ፣ መልሱ አዎ ከሆነም ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ይገባል ይላል። መድኃኒት የተሰጣትም በ3 ቀን ተመልሳ እንድትታይ ያዝዛል። ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክም ቢሆን ወጪ ነው። እብጠት የተዳሰሰባትን ወይም በመድኃኒት ያልተሻላትን ለይቶ መላክ ከዚህ የበለጠ አይከብድም።

አልትራሳውንድ ከማህፀን ጎን ድብልቅልቅ ያለ እብጠት ያሳያል እንጂ ስሙን አይነግርም። መግል የቋጠረ ቱቦ፣ የኢንዶሜትሪዮሲስ ሲስት፣ የእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ሁሉም ሊመስሉት ይችላሉ። ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ በዚህም ሕመም ከፍ ሊል ስለሚችል ያልተጠበቀ የካንሰር ድንጋጤ የሚፈጥርበት ጊዜ አለ። ኤምአርአይ የቆየ ደምን በተሻለ ይለያል፤ ግን በየቦታው አይገኝም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ላፓራስኮፒ ወይም ክፍት ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም የፓቶሎጂ ምርመራ ነው። የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ሲገኝበት ነው ጥርጣሬው የሚቋጨው። ስለዚህ ናሙናው ፓቶሎጂ ሳይደርስ ከተጣለ ሴትዮዋ ምን እንደነበረባት ሳታውቅ ትቀራለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ፅንሱ ሞቷል፣ ሆርሞኑም ወርዷል፤ ታዲያ ሰውነት ራሱ ያጽዳው ብሎ መተው ምን ይከፋል? በእርግጥም ሕመሟ ቀላል፣ የደም ግፊቷ የተረጋጋ፣ ሆርሞኗ እየወረደ ያለች ሴት በቅርብ ክትትል ያለ ቀዶ ሕክምና ልትቆይ ትችላለች። ይህ ግን የሚሠራው ሕመሙ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው፤ ማንነቱ ያልተለየ እብጠት በመጠበቅ አይታከምም። ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒትም መውጫ መስሎ ይታያል። ቱቦው ሳይፈነዳ በጊዜ ለተደረሰበት እርግዝና ጥሩ አማራጭ ነው፤ ሆርሞኑ ከ5000 ዩኒት በታች ሲሆን ይመረጣል፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን መካከልም ቢያንስ 15 በመቶ መውረዱ ይታያል። የሚገድለው ግን በመራባት ላይ ያለን ሴል ነው። ለወራት የቆየ የደም ጓልና የሞተ ቅሪት ላይ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ ጉበትንና መቅኒን የመጉዳት አደጋው ግን እንዳለ ነው።

ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይቀራል፤ በአመዛኙም የተጎዳው ቱቦ ይወጣል። አንጀቱ ተጣብቆ ስለሚገኝ ሥራው ከባድ ነው፤ በላፓራስኮፒ የተጀመረው ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና ሊዞር ይችላል። ለዚህም ነው ልምድ ባለው የማህፀን ሐኪም፣ ደም ተዘጋጅቶ፣ በቀጠሮ ቢሠራ የሚመረጠው። በመሃል ሕመሙ ድንገት ከበረታ፣ ትከሻዋን ካመማት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ቱቦዋ ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ ቤተሰብ «ከእንግዲህ አትወልድም» ብሎ የሚደመድመው ሳይነገረው ሲቀር ነውና። ሌላኛው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ ማርገዝ ትችላለች። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ የአንቲ ዲ መርፌ ሊያስፈልጋት ስለሚችል የደም ዓይነቷ ይታይ። ቀጣዩ እርግዝና እንደገና ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነም፣ የወር አበባዋ እንደቀረ ሳትዘገይ ሄዳ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ ማረጋገጥ አለባት።